ሚያዝያ 23 አርብ፣ 27 ማክሰኞ፦ አምስት ቀን ከድሬ ብዙ ሳንርቅ እንዴት እናሳልፍ?

ሳቢያን_እናት | ሚያዝያ 12፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የቀን መቁጠሪያውን አያችሁት? ዘንድሮ የላብ አደሮች ቀን አርብ ላይ ዋለ። የአርበኞች ቀን ደግሞ ማክሰኞ። በመሃል ላለችው ሰኞ ፈቃድ ሞላሁ፣ አለቃዬም ፈረመልኝ (ሐሳቡን ሳይቀይር ፎቶ አንስቼዋለሁ)። ባለቤቴም እንደዚሁ። አምስት ቀን በተርታ! ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ገጥሞን አያውቅም።

ችግሩ ገንዘብ ነው። የፋሲካው በግ ገና ከኪሳችን አልወጣም። ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ሲባል ነበር፤ የአራት ሰው ትራንስፖርት ሳሰላው ወሬው እዚያው ቀረ። ልጆቹ 10 እና 6 ዓመታቸው ነው። ትንሹን መኪና ያስመልሰዋል።

ድሬ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። እውነቱን ልናገር? ከሳቢያን ቢሮ፣ ከቢሮ ታይዋን ገበያ፣ ከታይዋን ቤት። ሐረርን የማውቃት በለቅሶና በሠርግ ነው። ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ አይቼ አላውቅም። ባለፈው አዲስ አበባ ያለች ዘመዴ "ያንን ዋሻ አይተሽዋል?" ብላ በስልክ ስትጠይቀኝ የትኛውን እንደሆነ ጠፋኝ። አፈርኩ።

እና ጥያቄዬ፦ እዚሁ አካባቢ፣ ኪስ ሳይራቆት፣ ግን ከምር እረፍት የሚመስል አምስት ቀን ይኖራል? ወይስ መጨረሻው መጋረጃ ማጠብ ነው?

---

ዋርያ_04 | ሚያዝያ 12፣ ማታ 2:52

መጨረሻው መጋረጃ ማጠብ ነው። ቀጣይ ጥያቄ።

---

ከዚራ_ጥላ | ሚያዝያ 12፣ ማታ 3:15

ዋርያ ቢቀልድም እውነት አለው። እኔ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ። ቤት የቀረ ሰው ይጠራል። "እዚሁ ነህ አይደል?" ይሉሃል። አንዱ ዕቃ እናውርድ ይላል፣ አንዱ ሽምግልና ተቀመጥ ይላል። ዓምና ለሦስት ቀን "አርፋለሁ" ብዬ ሁለቱን የጎረቤት ሮቶ ስጠግን አለቁ። በሦስተኛው ቀን ቢሮ መሄድ አማረኝ።

ከአምስቱ ቀን አንዷን ሌሊት ከቤት ውጪ እደሩ። ሐረር 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፣ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል። ግን "ሐረር ነን" ስትዪ ሰው ይተውሻል። "ቤት ነን" ካልሽ አለቀልሽ። ደግሞ በዓለ ሃምሳ ነው፣ አርብም ጾም የለም። ዶሮ ወጥሽን በሳህን ቋጥረሽ ከሄድሽ ምግብ ቤት የሚበላው ገንዘብ ይተርፋል።

---

የጁገል_ልጅ | ሚያዝያ 13፣ ጠዋት 1:30

ድሬዎች ሐረር መጥታችሁ ምሳ በልታችሁ ትመለሳላችሁ። ከዚያ "ሐረርን አየሁ" ትላላችሁ። ወላሂ አላያችሁም።

እደሩ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ። የሐረሪ ቤት ነው፣ እኛ ጌይ ጋር እንለዋለን። ጫማ ይወልቃል። ሳሎኑ ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ ነው፣ ቀይ የተቀባ። ትልልቆቹ ቀዩ በጨለንቆ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው ሙሉ ስፌት ነው። ልጆች እዚያ መደብ ላይ ሲተኙ ደስታቸው ሌላ ነው፣ ማን የት ደረጃ እንደሚተኛ ሲጣሉ ያድራሉ። ጠዋት ሆጃ በወተት ከቀረበልሽ ሻይ አምጡ አትበዪ። እሱን ጠጪ።

ካርታ አትያዢ። የጁገል መተላለፊያ 368 ነው ይባላል፤ ቆጥሬ አላውቅም፣ የቆጠረ ሰውም አላየሁም። ልጆቹን "ቅደሙ" በያቸው። ቢጠፉም ከግንቡ አያልፉም። ግንቡን አሚር ኑር ናቸው ያሠሩት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅም እያረፈ ይዞረዋል። አምስቱን በር አስቆጥሪያቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው፣ ከአምስቱ አይቆጠርም። አንድ አስጎብኚ "ስድስት በር" ሲል አያቴ ሰምተው መንገድ ላይ አስቁመውታል።

የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ቤት ግቡ። ፎቶዎቹና ከላይ የሚታየው ከተማ ይበቃል። ግን ባለቅኔው የኖረው እዚያ ቤት ውስጥ አይደለም፣ እሱ ከሞተ በኋላ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ከዚያ ወደ ሸሪፍ ሙዚየም። እሱ ያለው ራስ ተፈሪ ቤት ነው።

መኪና ግርግር ላይ የሚያጥር ሱሪ ካለሽ ይዘሽ ነዪ። የምሬን ነው። ጠባብ መንገድ ነው፣ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ጅብ።

---

ደቻቱ_ማዶ | ሚያዝያ 13፣ ቀን 6:05

ኧረ አቦ! ሁሉ ሰው ሐረር ሐረር። ድሬ ምን አጠፋች?

አውቃለሁ፣ ሙቀቱ ነው። ግን ሙቀት የሚመታው በስድስት ሰዓት የሚወጣውን ነው። ድሬ የሁለት ፈረቃ ከተማ ናት። ከንጋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት አንድ ድሬ አለች። ከዚያ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ውሻውም ይተኛል። ከቀኑ 10 በኋላ ሌላዋ ድሬ ትነሳለች። እህቴ አንቺ የምታውቂው የመሃለኛውን ነው፣ ቢሮ ሆነሽ።

አርብ ንጋት 12 ሰዓት ልጆቹን ይዘሽ ከዚራ ውረጂ። በእግር። አስፋልቱ ገና አልጋለም፣ ባጃጅ ጥቂት ነው። አሁን ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው ዛፍ ጊዜው ነው፣ መሬቱ ሁሉ ቀልቷል። ሌላው አገር እኮ ዛፉን "የድሬዳዋ ዛፍ" ብሎ ነው የሚጠራው። እኛ ከሥሩ ባጃጅ እየጠበቅን ቀና አንልም።

ከዚያ ቁርስ ፈጢራ። ሲሠራ እዩ። ሊጡን እንደ ሻሽ እስኪሳሳ ይዘረጋዋል፣ ማዶው ይታያል። እንቁላል ያፈርጥበታል፣ ያጥፈዋል፣ ማር። የኔ ልጅ ከመብላቱ በላይ ሲዘረጋ ማየቱን ይወዳል፣ አንዱን በልተን ሦስት ሲሠራ እናያለን።

ቀጥሎ ቀፊራ ገበያ። ለአስቤዛ አይደለም፣ ለማየት። ባለፈው አንዲት እናት ሽንኩርት ሲመዝኑልኝ በኦሮምኛ ቆጠሩ፣ ዋጋውን በሶማልኛ ነገሩኝ፣ የመረቁኝ በአማርኛ። የ11 ዓመት ድሬ ነኝ ትያለሽ፤ ይሄን አይተሽ ካልሆነ ታይዋንን ነው የምታውቂው።

ቀን ተኙ። ማታ ፍራሽ ግቢ አውጡ። ልጆች ውጪ ማደርን እንደ ጉዞ ነው የሚያዩት። ሆቴል የሚከፈልበት ነገር ነው እኮ!

---

የጁገል_ልጅ | ሚያዝያ 13፣ ቀን 6:20

ግቢ ማደሩ ሙቀት ስለሚያስገድዳችሁ ነው። እኛ ብርድ ልብስ እንለብሳለን።

---

ደቻቱ_ማዶ | ሚያዝያ 13፣ ቀን 6:22

ብርድ ልብሱን የምትገዙት ታይዋን መጥታችሁ ነው።

---

ሌሊት_ፈረቃ | ሚያዝያ 13፣ ማታ 5:50

ነርስ ነኝ። አምስቱንም ቀን ተረኛ ነኝ። ክሩን ያነበብኩት ፈጢራ አማሮኝ ነው። ቀጥሉ።

---

ሽመንደፈር_ግቢ | ሚያዝያ 14፣ ጠዋት 3:00

ልጄ፣ ስለ ሰኞዋ ማንም አልነገረሽም። ከአምስቱ ቀን ወርቋ እሷ ናት። አርብና ማክሰኞ በዓል ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ዝግ ነው። ሰኞ ሁሉም ክፍት ነው፣ አንቺ ብቻ እረፍት ነሽ። ፈቃድ የሚጠየቅበትን ነገር ለሰኞ አድርጊ።

ይኸውም የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። ከዚራ ያለው። አዲሱን አላልኩሽም፣ አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ወርክሾፑ ለመግባት ጠይቆ ነው። በጠዋት ሂዱ፣ በትህትና ጠይቁ።

ልጆቹ ይህን ይወቁ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲመጣ መድረሻው ሐረር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ተራራው ከበደ። ስለዚህ እታች ሜዳው ላይ ቆመ፣ በ1895 ዓ.ም.። ባቡሩ የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ። መጀመሪያ ስሟም አዲስ ሐረር ነበር። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ፈጀበት። የጁገል ልጅ እንዳይቆጣኝ እንጂ፣ ድሬ የተወለደችው ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው።

አባቴ እዚያ ወርክሾፕ ነው ጡረታ የወጣው። ቤታችን ውስጥ መፍቻ በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠራው። አማርኛውን የሰማሁት ትምህርት ቤት ነው።

---

አዲስ_ገቢ | ሚያዝያ 14፣ ጠዋት 3:40

አባባ በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር፣ ልጆች ፎቶ ማንሳት ይችላሉ?

---

ሽመንደፈር_ግቢ | ሚያዝያ 14፣ ጠዋት 3:55

ድሬ አዲስ ነህ መሰለኝ። እዚህ "እርስዎ" የሚባለው ዕዳ ሲጠየቅ ነው። አንተ በለኝ አቦ። ፎቶውን እዚያው በር ላይ ጠይቅ።

---

የጠመኔ_አቧራ | ሚያዝያ 14፣ ማታ 1:10

ዋሻውን የጠየቀችሽ ዘመድሽ ፖርክ ኤፒክን ማለቷ ነው። ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ገደሉ ላይ ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ ጃርት ማለት ነው። ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርደንና ኦንሪ ደ ሞንፍሬድ ናቸው በ1929 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት። ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፣ ግን ደብዝዟል፣ ልጆቹን አስቀድመሽ አስጠንቅቂ። እንደ ቴሌቪዥን አይታይም።

ለኔ የሚደንቀው ሥዕሉ ሳይሆን ቀለሙ ነው። ቁፋሮው ውስጥ ከ4,000 በላይ የቀይ ድንጋይ ቁራጭ ተገኝቷል፣ በጠቅላላ 40 ኪሎ ገደማ። የዛሬ 40,000 ዓመት አካባቢ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ይህን ድንጋይ ይፈጭ ነበር። የሚፈጩበት ድንጋይም አብሮ ተገኝቷል። ተማሪዎቼን ስወስድ "እዚህ ሠፈር የመጀመሪያው በርበሬ ፈጪ" እላቸዋለሁ፣ ያን አይረሱትም።

በ12 ሰዓት ጀምሩ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ውረዱ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ለስድስት ዓመት ልጅ አቀበቱ ይከብዳል፤ አባቱ ትከሻ ካለው እሺ።

---

ጎሮ_ሠፈር | ሚያዝያ 15፣ ጠዋት 2:00

ባቢሌን ማንም አላነሳም። ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለውዙን እዚያው ትኩስ ትበያለሽ። ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ ስትቀጥዪ ዳካታ ሸለቆ አለ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቀመጠበት። ነፋስ ያልጣለውን ልጆችሽ "እኛ እንግፋው" ይላሉ። ዝሆኖቹን ግን ተስፋ አታድርጊ፣ ጫካቸው ሰፊ ነው፣ እንዲህ በአንድ ቀን አይገኙም።

---

ሳቢያን_እናት | ሚያዝያ 15፣ ማታ 1:45

ሁላችሁም ተባረኩ። ባቢሌን ትቼዋለሁ፣ በትንሹ ሆድ ምክንያት። የደንገጎን ዳገት ካለፈልኝ ይበቃኛል። ለማስመለሱ መላ ያለው?

---

ዋርያ_04 | ሚያዝያ 15፣ ማታ 1:50

ሎሚ ፍቀሽ አሽትቺው። ፊት ወንበር። ስልክ እንዳትሰጪው። እና ሹፌሩን "ቀስ" በይው፣ ስድብ ቢሆንም።

---

ደቻቱ_ማዶ | ሚያዝያ 16፣ ጠዋት 1:15

አንድ ነገር በቁም ነገር። ወሩ የበልግ ነው። ልጆች ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ መጫወት ይወዳሉ። ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ኮከብ እየታየ፣ ደንገጎ ላይ የዘነበ ዝናብ ይመጣል። የሐምሌ 1998ን ጎርፍ እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት። እኛ ቤት ውኃው በር ድረስ ደርሶ ነበር፣ እናቴ ዛሬም ወደ ላይ ደመና ካየች አትተኛም። ተራራው ከጠቆረ ከአሸዋው ውጡ።

---

ሳቢያን_እናት | ሚያዝያ 28፣ ማታ 2:30

ተመልሻለሁ። ዛሬ ቢሮ ገባሁ፣ ዓይኔ አልተገለጠም። ቃል ስለገባሁ ልንገራችሁ።

አርብ ጊዮርጊስን ሳምን። ከዚያ ከዚራ። ደቻቱ_ማዶ፣ ስለ ዛፉ የጻፍከው እውነት ነው። በየቀኑ በሥሩ አልፋለሁ። ትንሹ የወደቀውን አበባ በኪሱ ሞልቶ ቤት አመጣው፣ ሱሪው እስከ ዛሬ ቀይ ነው። ፈጢራው ላይ ግን ተሸወድኩ፤ ሁለቱም ልጆች አንዳንድ በልተው ሌላ ጠየቁ። ያንተ ልጅ ብቻ ነው ማየት የሚወደው።

ቅዳሜ ሐረር። ሎሚው እስከ ደንገጎ ሠራ። ደንገጎ ላይ አልሠራም። ዝርዝሩን ልተወው። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፣ አቁሞ ውኃ ሰጠን። ያን ጊዜ ነው ብርዱ የመታን፣ ከሳቢያን ሙቀት ወጥተን ገና ሰዓት አልሞላንም። ሐሮማያ ላይ መስኮቱን ከፈትኩ። እኔ ድሬ ስመጣ ሐይቁ ደርቆ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። አሁን ውኃ አለ፣ ወፍም አለ። ባለቤቴ ማመን አቅቶት "ዝናብ የያዘው ሜዳ ይሆን?" አለ።

አሁን ወደ ጥፋቱ። በስልክ የያዝነው ማረፊያ ስንደርስ ለሌላ ተሰጥቷል። ቀብድ በሞባይል ልኬ ነበር። "ቅዳሜ ነው፣ ምን እናድርግ" አሉን። ስም አልጠራም። ከነሻንጣችን መንገድ ላይ ቆመን ሳለን አንዲት የሠፈሩ እናት በር ላይ ቆመው ያዩናል። ጎረቤታቸው ጋር ደወሉ፣ በአስር ደቂቃ ቤት ተገኘ። የጁገል ልጅ ያለው ቀይ መደብ! ልጆቹ ለላይኛው ደረጃ ተጣሉ፣ አባታቸው ወሰደው።

መኪና ግርግር የሴት ልጄን የዩኒፎርም ቀሚስ ይዤ ሄድኩ። ሳቃችሁ ይሰማኛል። ሰፊው ቀሚሱን አገላብጦ አየ፣ ስንት ክፍል እንደሆነች ጠየቃት፣ ከዚያ እንዳያጥረው ለመነኝ። "የሚቀጥለው ዓመት ትደርስበታለች" አለ። ጠርዙን ብቻ ደግሞ ሰፋልኝ። ገንዘብ ከእጁ ሲወጣ እያየ እምቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ማታ ጅቡ። ከፈላና በር ወጥተን፣ ጨለማ ነው። ሰውየው ቅርጫቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ በስማቸው ይጠራቸዋል። መጀመሪያ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ አንዷ ቀረበች። ልጄ ሥጋ የተጠቀለለባትን እንጨት ያዘች፣ የእስክሪብቶ እጥፍ ትሆናለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። ጅቧ አንገቷን ሰበር አድርጋ መጣች፣ ሥጋውን በጎን ጥርሷ ላጥ አደረገችው። እንጨቷን አልነካችም። ልጄ ትንፋሿ ሞቃት እንደሆነ ነገረችኝ፣ ሌላ ነገር ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ትንሹ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ "ጥርሷን ማን ያጥብላታል?" አለ።

ሌሊቱን ዘነበ። የቆርቆሮው ድምፅ አስተኛኝ፣ እንዲህ የተኛሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። እሁድ በሮቹን ቆጠርን። አራተኛው በር ላይ ትንሹ ደከመው፣ አምስተኛውን በባጃጅ አየነው። ተቆጥሯል።

ሰኞ ጣቢያው። ሽመንደፈር_ግቢ፣ የነገርከኝ ሁሉ ሆነ። በጠዋት ጠየቅን፣ ጥቂት ጠበቅን፣ ገባን። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ልጆቹን የቆመ ፉርጎ ዙሪያ አስሮጣቸው። ጎማውን በፈረንሳይኛ አስቆጠራቸው። ትንሹ አሁን "አን፣ ዱ፣ ትሯ" እያለ ነው ደረጃ የሚወጣው። አራትን አያውቅም።

ማክሰኞ ዋሻው አልሆነም። ማንም በ12 ሰዓት አልተነሳም፣ እኔን ጨምሮ። ለክረምት እረፍት።

---

የጠመኔ_አቧራ | ሚያዝያ 28፣ ማታ 2:48

40,000 ዓመት ጠብቋል፣ ክረምትን ይጠብቃል።

---

የጁገል_ልጅ | ሚያዝያ 28፣ ማታ 3:02

ቀብዱን መለሱልሽ? በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ቤቱን ሳላውቀው አልቀርም። በባጃጅ የታየ በር ግን አይቆጠርም፣ አያቴ ይሰማሉ።

---

ዋርያ_04 | ሚያዝያ 28፣ ማታ 3:05

መጋረጃውስ?

---

ሳቢያን_እናት | ሚያዝያ 28፣ ማታ 3:11

ማክሰኞ ማታ አማቴ መጣች። አየችው። ምንም አላለችም። ሻይዋን ጠጥታ ስትወጣ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።